ሣሩን እንደ ጤፍ እንዝራው

ይህ እትም እጃችሁ ሲገባ መስከረም ጠብቷል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ ወር አልፏቸዋል፤ የአትላንታ ፀሐይም ትንሽ አደብ መግዛት ጀምራለች። ሬስቶራንት የሚያስተዳድር ሰው ስለ ምግብ ቢጽፍ ያምርበት ነበር። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሣር ነው። ጉዳዩ ቀን አለው፤ ከጥቅምት ካለፈ እስከሚመጣው ዓመት መጠበቅ ነው።

ነገሩ የጀመረው በፕላስቲክ ነው። ባለፈው ዓመት እንቁጣጣሽ ዕለት ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ቡናው እየተቆላ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ አንዲት የደንበኛችን ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከረከቦቱ አጠገብ ተንበርክካ የተነጠፈውን ሣር ትዳብሳለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ማሚ፣ ምንም አይሸትም» አለች።

እናትየው ሳቅ ብላ «የውሸት ነዋ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

«እውነተኛው ምን ምን ይላል?»

እናት ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ኩሽናው ዞርኩ። የእርጥብ ጉዝጓዝ ሽታ በቃል እንዴት ይነገራል? ፕላስቲኩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ይታጠባል፣ አይጠወልግም፣ ደግሞም አንዴ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል። ከሬስቶራንቱ ጀርባ ያለው እውነተኛ ሣር ደግሞ የአረም መድኃኒት ስለሚረጭ ሕፃን የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ሊጎዘጎዝ አይችልም። ስለዚህ በዚያው ሰሞን ቤቴ ግቢ ውስጥ አንዱን ጥግ ለጉዝጓዝ፣ ሌላውን ጥግ ደግሞ ለአደይ አበባ ለይቼ ዘር ዘራሁ። ሁለቱም በቀሉልኝ። የበቀሉልኝ ግን ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ከሽፎብኝ ስለነበር ነው።

መጀመሪያ ቤት የገዛን ጊዜ ግቢው ባዶ ነበር። ቤቱ ሲሠራ የላይኛውን ደህና አፈር ገፈው፣ ያንን የጆርጂያ ቀይ ሸክላ አፈር አስቀርተውልናል። ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ትልቅ ከረጢት ዘር ገዝቼ መጣሁና ለዶሮ እህል እንደሚበትን ሰው በተንኩት። ማታውን የአትላንታ ዝናብ ወረደ። ጠዋት ብነሣ ግማሹ ዘር ጎረቤቴ መኪና ማቆሚያ ላይ ተከምሯል፣ ግማሹ የጎርፍ መውረጃው ውስጥ ገብቷል። የቀረው በቀለ፣ ግንቦት ላይ አረንጓዴ ሆነ፣ ሐምሌ ሲገባ አመድ መሰለ። በሁለተኛው ዓመት ብልህ ልሁን ብዬ አስቀድሜ አረም እንዳይበቅል የሚከለክለውን መድኃኒት ነሰነስኩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘሩን ጨመርኩበት። መድኃኒቱ ቃሉን ጠበቀ። አረሙንም ሣሩንም፣ ምንም ነገር እንዳይበቅል ከለከለ።

አዳ አካባቢ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጤፍ ሲዘራ የኖረ አጎት አለኝ። ስልክ ላይ ይህን ሳጫውተው ትንሽ ዝም አለና «ስንቴ አረስከው?» አለኝ።

«ኧረ አላረስኩትም።»

«አይ አንተ! ታዲያ ዘራሁ ትላለህ? ለወፍ በተንኩ በል እንጂ!»

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትና የሞከርኩት ነገር ሁሉ የጋሼን ንግግር የሚያፍታታ ሆኖ ነው ያገኘሁት። አስቡት። ጤፍ ከእህል ሁሉ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ 3,000 ገደማ ፍሬ አለ። ገበሬው ለዚያች ፍሬ ሲል መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፣ ጓሉን ያደቃል፣ ጥቁር አፈር ከሆነ ከብት እየነዳ ያስረግጠዋል። ከዚያ ዘሩን ላይ ላዩን ይበትናል እንጂ አይቀብረውም። ከታች ጠብቆ ከላይ የደቀቀ መሬት፣ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ዘር፤ ጠቅላላው ምሥጢር ይኸው ነው። ጤፍ ራሱ ሣር ነው። በየሆም ዲፖው የምትገዙት ዘር የእሱ ዘመድ ስለሆነ የሚፈልገውም አያያዝ ያንኑ ነው።

ፌስክዩ ወይስ ሰርዶ?

አትላንታ ለሣር አስቸጋሪ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠችው። የብርድ አገር ሣር በበጋው ሙቀት ይሰቃያል፤ የሙቅ አገሩ ደግሞ ክረምቱን ደርቆ እንደ ጭድ ቢጫ ሆኖ ያሳልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ግቢያችሁን እዩት። ዛፍ የበዛበትና ግማሽ ቀን ጥላ የሚያርፍበት ከሆነ ምርጫችሁ ቶል ፌስክዩ የሚባለው ነው። ክረምቱንም አረንጓዴ ነው። የሚዘራበት ወርቃማ ጊዜ በፈረንጅ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኦክቶበር 15 ነው። ይህ በእኛ ሲቆጠር ልክ ከመስከረም 5 እስከ ጥቅምት 5 ይውላል። አፈሩ ገና ሞቅ ያለ ነው፣ አየሩ ቀዝቅዟል፣ ችግኙም በጋው ከመምጣቱ በፊት ሥር የሚሰድበት ሰባት ስምንት ወር ያገኛል። እኔ በሚያዝያ የዘራሁት ያንን ነው ያጣው፤ ሥሩ ሳይጠልቅ ሐምሌ ደረሰበት።

ግቢያችሁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ በርሙዳ የሚባለው ይሻላችኋል። በርሙዳ ማለት ማን መሰላችሁ? የእኛው ሰርዶ ነው! «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ አትላንታ ብትመጣ ሰው በገንዘቡ እየገዛ፣ ውሃ እያጠጣ ሲያሳድገው አይታ ትደነግጥ ነበር። እንዲያውም የዚህ ሣር ትልቅ የምርምር ቤት ያለው እዚሁ ጆርጂያ፣ ቲፍተን የምትባለው ከተማ ነው። ዶክተር ግሌን በርተን የሚባሉት ሳይንቲስት ሰርዶ ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ ደቃቅ ዘመዱ ጋር የተዳቀለበትን ቲፍዌይ የተባለውን ዓይነት አወጡ፤ በ1960 ለሕዝብ ወጣ። ዛሬ በየጎልፍ ሜዳው፣ በየኳስ ሜዳው የምታዩት ለስላሳ ሣር እሱና የእሱ ወንድሞች ናቸው። ነገር ግን የተዳቀሉት ፍሬ ስለማያፈሩ ከዘር አይበቅሉም፤ ሶድ የሚባለውን፣ ተገፎ የተነሣውን ጥቅል ሣር ነው የምትገዙት። ከዘር የሚበቅለው ተራው በርሙዳ ነው። እሱ ደግሞ የሚዘራው አሁን አይደለም፤ አፈሩ ሲሞቅ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ ነው። ዘሩ ከጤፍ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም።

ከረጢቱን ስትገዙ ፊት ለፊት ያለውን የሚያምር ሥዕል ትታችሁ ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አንብቡ። መቶ ፍሬ ቢዘራ ስንቱ እንደሚበቅል፣ የአረም ዘር ስንት እንደተቀላቀለበትና መቼ እንደተመረመረ እዚያ ላይ ተጽፏል። «በሳምንት አረንጓዴ» የሚል ርካሽ ድብልቅ ብዙ ጊዜ ራይግራስ የሚባል የአንድ ዓመት ሣር ይበዛበታል። እውነትም በሳምንት ይበቅላል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ጥሏችሁ ይሄዳል።

አፈሩን ሳያውቁ

ከመዝራታችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። በየካውንቲው፣ ዴካልብም ሆነ ጉዊኔት፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ አለ። ከግቢያችሁ ከስምንት አሥር ቦታ ትንሽ ትንሽ አፈር ቆንጥራችሁ፣ ቀላቅላችሁ፣ ሁለት ስኒ የሚሆን ብትወስዱላቸው በጥቂት ዶላር አቴንስ ያለው ላቦራቶሪ ይመረምርላችኋል። የዚህ አገር ቀይ አፈር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ነው። ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልገው ውጤቱ ቁጥር ጠቅሶ ይነግራችኋል። በግምት ኖራ መነስነስ በግምት ጨው እንደመጨመር ነው፤ እኔ ደግሞ በጨው አልቀልድም።

ሸክላ አፈር ይለሰልሳል ብላችሁ አሸዋ እንዳትጨምሩበት። ሸክላና አሸዋ ሲገናኙ ጡብ ነው የሚወጣው። የሚያስፈልገው ብስባሽ፣ ኮምፖስት፣ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ኢንች ውፍረት አልብሳችሁ አራት አምስት ኢንች ጠልቃችሁ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ። ለዚህ ቲለር የሚባለውን ማረሻ ለግማሽ ቀን መከራየት ይቻላል። እኔ ሁለት ጎረምሳ ልጆች ስለነበሩኝ ማሽን አልተከራየሁም፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል። ከዚያ በሬክ አስተካክሉት፣ ጓሉን አድቅቁት፣ ድንጋዩን ልቀሙት። ስትራመዱበት የጫማችሁ ምልክት ግማሽ ኢንች ያህል ብቻ ከገባ ልክ ነው። እግራችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሰጠመ ገና አልጠበቀም፤ ርገጡት። ከብት ከየት ይመጣል? ልጆች አሉ። ሙዚቃ ክፈቱና እስክስታ አስወርዷቸው፤ ማሳው ይረገጣል።

መጠኑ እንዲህ ነው። አዲስ የሚዘራ ፌስክዩ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ5 እስከ 8 ፓውንድ ይፈልጋል። ግቢው ላይ ሣር ኖሮ የሳሳውን ለመሙላት ከሆነ ከ3 እስከ 5 ይበቃል፤ ያኔ ማረስ ቀርቶ አፈሩን የሚበሳሳውን ማሽን አንድ ዙር ማስኬድ ነው። በርሙዳ ግን ለዚያው ስፋት ከ1 እስከ 2 ፓውንድ ነው። ዘሩን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን ከላይ ወደ ታች እየሄዳችሁ፣ ግማሹን ከግራ ወደ ቀኝ እያቋረጣችሁ በትኑት። ሬኩን ገልብጣችሁ በጀርባው ሩብ ኢንች ያህል ብቻ አልብሱት። ጠቅጠቅ አድርጉት። በላዩ የስንዴ ጭድ ሳሳ አድርጋችሁ በትኑ፤ አፈሩ በጭዱ መሀል ብቅ ብቅ ማለት አለበት። ጭድ ስትገዙ ድርቆሽ እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ፤ ድርቆሽ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ውሃ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። አትላንታ በዓመት 50 ኢንች ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ኦክቶበር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወሮቹ ሁሉ ደረቁ ነው። ዘሩ እስኪበቅል ድረስ፣ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ላይ ላዩን ማርጠብ ያስፈልጋል። ማጥለቅለቅ አይደለም፤ ማርጠብ። አንዴ ረጥቦ ማጎንቆል የጀመረ ዘር አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ አለቀለት። ከበቀለ በኋላ ቀስ በቀስ ቁጥሩን ቀንሱ፣ መጠኑን ጨምሩ፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደታች እንዲሄድ።

ሕጉንም እወቁ። በ2010 የወጣው የጆርጂያ የውሃ አጠባበቅ ሕግ ሣር በስፕሪንክለር ማጠጣት የሚፈቅደው ከ4 ፒኤም እስከ 10 ኤኤም ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው፤ ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ሰዓቱ አንድ ነው። ጫፉ ላይ መዝጊያ ያለውን ጎማ በእጅ ይዞ ማጠጣት ግን በማንኛውም ሰዓት ይቻላል። እኔ የቀኑን ዙር የማጠጣው በዚህ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል።

ችግኙ ወደ አራት ኢንች ሲደርስ ማጨጃውን ከፍ አድርጋችሁ ሦስት ላይ ቁረጡት። የኦክና የሌላው ዛፍ ቅጠል ሲረግፍ ቶሎ ቶሎ አንሡለት፤ ቅጠል ሥር የተቀበረ ችግኝ ታፍኖ ይሞታል። ፌስክዩ እንደ ሰርዶ እየተሳበ ክፍተት አይሞላም። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ የሳሳውን መሙላት የቤቱ ወግ ይሆናል።

ስለ ቄጤማ

አሁን ወደ ጉዝጓዙ ልመለስ። አገር ቤት በበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማ በእውነቱ ሣር አይደለም። ረግረግ ላይ የሚበቅል ሌላ ወገን ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ሳይፐረስ ይሉታል። ልጆቻችሁን ይህን አሳዩአቸው፦ የሣር አገዳ በጣት መሀል ቢንከባለል ክብ ነው፤ የቄጤማ ወገን ግን ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ይቆረቁራል። አሁን ግቢያችሁ ውስጥ ከሌላው ሣር ቀድሞ የሚረዝመውን፣ ብጫ ቢጤ አረንጓዴ የሆነውን፣ ነትሴጅ የሚሉትን አረም ፈልጉና አገዳውን አንከባሉት። ሦስት ማዕዘን! የቄጤማ የአክስት ልጅ ነው። አሜሪካኖች በየዓመቱ መድኃኒት የሚረጩበት፣ እኛ ደግሞ ከገበያ በእቅፍ ገዝተን ቤታችን የምናስገባው ዘመዱን ነው።

ነትሴጅ ዝሩ እያልኩ አይደለም፤ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ጎረቤትም ያጣላል። ለጉዝጓዝ የሚሆነው ያው ፌስክዩ ነው። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ስለሆነ አንድ ጥግ ሳይታጨድ ቢተው አንድ ጫማ ያህል ይረዝማል፤ ለበዓል ዋዜማ አጭዶ መጎዝጎዝ ነው። ቁምነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ በጥሞና አንብቡልኝ። የአረም መድኃኒት፣ ወይም አረም ማጥፊያ የተቀላቀለበት ማዳበሪያ ካረፈበት ሣር ላይ አጭዳችሁ ቤት አትጎዝጉዙ። ልጆች ይቀመጡበታል፣ ይንከባለሉበታል፣ ፈንዲሻ ሲወድቅ አንሥተው ይበላሉ። የሣር ኩባንያ ቀጥራችሁ ከሆነ ምን እንደሚረጭ ጠይቁና ያንን ጥግ በገመድ ከልላችሁ «እዚህ አይረጭም» በሏቸው። የማታውቁትን ሰው ግቢ፣ የመናፈሻ ወይም የአፓርትመንት ሣርማ ጭራሽ አይነካም።

አደይ እዚህም አለች

አደይ አበባ የፀሐይ አበባ ቤተሰብ ናት፤ የሳይንስ ስሟ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ቢደንስ ማለት በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፣ ፍሬዋ ጫፉ ላይ ሁለት ሹል ነገር ስላለው። ልብሳችን ላይ እየተሰካ ያስቸግረን የነበረው ጭጎጎትም የዚሁ ወገን ነው። ታዲያ ጆርጂያ ውስጥ የራሷ ቢደንሶች አሏት። ቢደንስ አሪስቶሳ የምትባለው፣ ቲክሲድ ሰንፍላወር የሚሏት፣ በየመንገዱ ዳርና በየቦዩ ጠርዝ በቅላ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ድረስ ቢጫ ታለብሰዋለች። አስቡት፤ ልክ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መሀል! እኛ ለዓመታት በመኪና እያለፍናት በዓሉን በወረቀት አበባ ስናከብር ኖረናል።

ሌላም አለች። በመስከረም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስቶን ማውንቴን ወይም አረቢያ ማውንቴን ውጡ። በዚያ ራቁት ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ እፍኝ በማይሞላ አፈር ላይ የበቀለች ቢጫ አበባ ታያላችሁ። የዚህ አካባቢ ድንጋያማ ቦታዎች ልጅ ናት፤ ከዚህ ርቃ ብዙም አትገኝም። ስቶን ማውንቴን ፓርክ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ በስሟ የየሎ ዴይዚ ፌስቲቫል ያደርጋል። እዩአት፣ ፎቶ ተነሡ፣ አትቁረጧት።

«ከአገር ቤት የአደይ ዘር ላስመጣ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይቅርባችሁ። የሚዘራ ዘር ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው። ሳያስመዘግቡ በሻንጣ ይዞ መገኘትም ያስቀጣል። የአሪስቶሳ ዘር እዚሁ የአገሬውን አበባ ዘር ከሚሸጡ ድርጅቶች ይገኛል። ስትገዙ የላቲን ስሟን ተመልከቱ፤ ኮሪዮፕሲስ የምትባለውንም ሌላ አበባ ቲክሲድ ስለሚሏት ያምታታል። ኮሪዮፕሲስ መጥፎ አይደለችም፣ በየሀይዌዩ ዳር የምታዩዋት ቢጫ እሷ ናት፤ ነገር ግን የምታብበው በፀደይና በበጋ መጀመሪያ ነው፣ ለመስቀል አትደርስም።

የዱር አበባ የሚዘራው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ብዙዎቹ ዘሮች ክረምቱን ብርድ ካላገኛቸው አይነቁም። ማዳበሪያ አትስጧቸው፤ ማዳበሪያ የሚጠቅመው አረሙን ነው። ነገር ግን ቦታው ከነበረው ሣር በተለይም ከሰርዶ ነጻ መሆን አለበት፤ ያለዚያ አበባው ያለው ዕድል የመነመነ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ሐምሌና ነሐሴን ቦታውን በሚያሳይ ፕላስቲክ ሸፍኖ ፀሐይዋ ከሥሩ እንድትቀቅለው ያደርጋል። እኔ ዘግይቼ ስለነበር በአካፋ ገፈፍኩት፤ ወገቤ እስካሁን ያስታውሰኛል። ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ከአራት እጥፍ አሸዋ ጋር ደባልቁት፤ የት እንደበተናችሁም ያሳያችኋል። ከዚያ በእግር መርገጥ ብቻ። አልብሱት አላልኩም።

ከአደይዋ ጋር ብላክ አይድ ሱዛን፣ ሐምራዊዋን ኮንፍላወርና ብርቱካንማዋን በተርፍላይ ዊድ ዘርቻለሁ። ይህችኛዋ ወደ ሜክሲኮ የሚሰደደው ሞናርክ ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥልባት ናት። ኮንፍላወሯ ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ነው ያሳየችኝ፤ ለብዙ ዓመት የሚኖሩት በመጀመሪያው ዓመት ሥር ነው የሚሠሩት፣ ተስፋ አትቁረጡ። ልጆች ላሏችሁ ደግሞ በ2019 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የነፍሳት ቆጠራ አለ። በየዓመቱ ኦገስት ላይ አንድ አበባ መርጦ ለ15 ደቂቃ የመጡትን ንቦችና ቢራቢሮዎች ቆጥሮ ውጤቱን መላክ ነው። ለሚመጣው ዓመት ያዙት።

ደግሞ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አበባዬን የዘራሁት ከቤቱ ፊት ለፊት ነበር። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ አበባው ሳይፈነዳ ቁመቱ ብቻ ደረቴ ሲደርስ፣ ከቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። በአሥር ቀን ውስጥ «አረሙን» ካላጨድኩ ቅጣት። በስብሰባቸው ቀን የአበቦቹን ስም ዝርዝርና ፎቶ ይዤ ሄድኩ። ዳሩን ሦስት ጫማ ስፋት ሣር አድርጌ አጭሬ እንድይዝ፣ የአበባ መደብ መሆኑን የሚገልጽ ትንሽ ምልክት እንድተክልና ወደ መንገዱ የወጣውን እንድቆርጥ ተስማማን። ግማሹን ግን አጨድኩት፤ ያውም በገዛ እጄ። ሕጉን ቀድሜ ባነብ ኖሮ ጓሮ እዘራው ነበር። እናንተ የማኅበራችሁንም የካውንቲያችሁንም የሣር ቁመት ደንብ ከመዝራታችሁ በፊት እዩ።

ክላርክስተን አፓርትመንት ውስጥ ያላችሁስ? ለእናንተ ከሁሉም ቀላሉ አለ። ጠለቅ ያለ የመጋገሪያ ትሪ ውሰዱ፣ ሥሩን ብሱት፣ ሁለት ኢንች አፈር ሙሉበት። ያልተቆላ ስንዴ ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ላዩ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ በትኑና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። በሦስት ቀን ያጎነቁላል፤ ያኔ ጨርቁን አንሡና መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ሴፕቴምበር 16 የተዘራ ለመስቀል፣ ለሴፕቴምበር 27፣ አንድ ስንዝር ሆኖ ይደርሳል። ልጁ ራሱ ያጠጣው፣ ራሱ በመቀስ ይቁረጠው፣ ራሱ ከረከቦቱ ሥር ይጎዝጉዘው።

ከሐምሌው እጭድ የተረፈችው ግማሽ አደይ ይህን ስጽፍ አብባለች። ለእንቁጣጣሽ ከጓሮው ጥግ ያጨድኩትን ፌስክዩ ረከቦቱ ሥር ጎዝጉዤዋለሁ፤ ፕላስቲኩ መጋዘን ገብቷል። ያቺ ልጅ መጣች፤ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ገና ከበሩ ስትገባ «ውይ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። የአደይዋ ፍሬ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጠቁሮ ይደርቃል። በትናንሽ ፖስታ አድርጌ ከሒሳብ መክፈያው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ ስትመጡ ለልጆቻችሁ አንዳንድ ውሰዱ። ጓሮ ነው የሚዘራው፣ አደራ።